ኑጉን የጨመርኩት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ከእግራቸው ሥር እንበረከካለሁ፤ ያማሁትን፣ የረገምኩትን እዘረዝራለሁ። ኑጉን ግን እዘለዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔም ታናሽ እህቴም እንቅርት ነበረብን፤ የኔው ይብስ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ የነጻ ሕክምና ወረቀት የሰጠው ለአንዳችን ብቻ ስለሆነ እናታችን እሷን መረጠች፤ ለብልባላ ደብር ዲያቆን ታጭታ ነበርና። እኔንስ ማን አጨኝ? ስሟ እንኳ ታደለች ነው። የኔ ነገር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። እንቅርቷን በቀዶ ጥገና አስወጥታ ከሆስፒታል ስትመለስ ያንን ቀጥ ያለ አንገቷን አይቼ በቅናት አረርኩ።

ቁስሏ ግን ነጭ ፈሳሽ ያወጣ ነበር። የላሊበላው ድሬሰር አንገቷን በፋሻ ጥብቅ አድርጎ አሰረና፣ የማበስለው እኔ ነኝና እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። የምግብ ቅባት የሚያልፍባት ቀጭን ቱቦ ተነክታለች፤ እስክትደፈን ቅባት እንዳትቀምስ አለኝ። "ጾም ነው ብለሽ እንዳትታለይ። ኑግም ተልባም ቅባት ነው።"

ሰማሁ። ገባኝም። ለእሷ ኑግ አልቋል ብዬ ሽሮዋን በውሃ ብቻ ሠራሁላት፤ ፈሳሹ እያደር ደረቀ። እናቴ የሠርጉን ነገር አነሳች። ያን ዕለት ኑግ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ከሽሮዋ ጨመርኩ። እያወቅሁ ጨመርኩ።

"እትዬ፣ ዛሬስ ጣት ያስቆረጥማል!" አለችኝ።

በማግስቱ ፋሻው ወተት በመሰለ ፈሳሽ ራሰ። ሊጠይቋት የመጡት የእጮኛዋ ዘመዶች አዩት። "በሁዳዴ ወተት ሰርቃ ጠጥታ፣ እግዜር በአንገቷ አወጣባት" ተባለ። እህቴ እጄን ጨምድዳ ያዘች፦ "እትዬ፣ የምታበይኝ አንቺ ነሽ። አልገደፈችም በያቸው!"

አንዲት ቃል ምን ነበረባት? መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ። ጾም የገደፈች ለዲያቆን አትሆንም ተብሎ እጮኝነቱ ፈረሰ። ደስ አለኝ። ይህን ካልጻፍኩ ኑዛዜዬ ውሸት ነው፤ ደስ አለኝ።

ኑጉን ተውኩት፤ ቁስሏም ደረቀ። ወሬው ግን አልደረቀም፤ ሌላ ባል አልመጣላትም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ነፍስ ያወቅሁ ሴት ነበርኩ። እንቅርቴንም ሰበብ አላደርገውም።

ዛሬ አንድ ቤት የምናረጅ ሁለት ሴቶች ነን። ለእሷ ያልነገርኩትን ይቅርታ ከእናንተ እንዴት እለምናለሁ? ትናንት ማታም ሽሮ ስናቀርብ ያንን ቀን አነሳችው።

"ያ ሁሉ ሰው ሲያማኝ፣ ኑግ ፈልገሽ ያበላሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ።"

አሜን አልኩ።