አጎቴ የጠረጠሩት ሞተር

አጎቴ «አዲስ ነው» ሲባሉ ፊታቸው የሚጠቁር ሰው ነበሩ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሰበታ ቀበርናቸው።

ጣሊያን ጥሎት በሄደው ሻሲ ላይ፣ ውድ የውጭ መኪና አስመስለው በቆርቆሮ ያሠሯት ክፍት መኪና ነበረቻቸው። ለእሷም በሣጥን የታሸገ ጉልበታም ሞተር ገዙ። ሣጥኑ ሲከፈት አሸተቱትና «ያልሠራ ሞተር የተቃጠለ ዘይት ይሸታል እንዴ?» አሉ።

ሻጩ «ኦቦ፣ እጅ ያልነካው ነው!» ብሎ ማለላቸው። ሞተሩ ተገጠመ፤ ክረምቱንም ያለ ችግር ሠራ።

ለሱሉልታ ሠርግ ስንነሣ እናቴ «ወንድምጋሼ፣ ልጆቹን ይውሰዷቸው እንጂ፤ ሞተሩ መቼ አስቸገረዎት?» አለቻቸው።

«እስካሁን ሜዳ ላይ ነው የነዳሁት። እንጦጦን ወጥቶ ሲወርድ ልየው፤ ልጆቹ በአውቶቡስ ይምጡ» አሉ። እኔና እህቶቼ አለቀስን።

ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ ሞተሩ ድንገት መዞሩን አቁሞ ጎማውን ያዘው፤ መኪናዋም ተገለበጠች። ከዚያ ወዲህ እያነከሱ ኖሩ። ሰው ሲያዝንላቸው «የኋላው ወንበር ባዶ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ አይናገሩም ነበር።

ከቀብር ስንመለስ የተከራየናት መኪና ሾፌር «መኪናዋ ደህና ናት፣ ግቡ» ሲለን፣ ሁላችንም በሩ ላይ ቆመን ተያየን። ቀድሞ የሚጠረጥርልን ሰው አልነበረም።