የወንድሜ ዋስ

ታላቅ ወንድሜ የደጃዝማች ወታደር ነበር፣ እኔ አራዳ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ። አባታችን በሚሲዮን አባቶች እጅ ስለ ተጠመቁ ሁለታችንም ካቶሊክ ነን፤ እኔ ለስሙ ያህል ነኝ። እሱ ግን ከዝናሩ በላይ መቁጠሪያ የሚያንጠለጥል፣ ጓደኞቹ ጠጅ ቤት ሲወርዱ ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው ነበር። ሲሾፉበት አብሯቸው ይስቃል። መሳቁ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን መመንኰስ አማረው። ወታደር ደግሞ ጌታውን እንዲሁ ጥሎ አይሄድም፤ የያዘው ጠመንጃ የጌታው ነው። ደጃዝማቹ ግቢያቸው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«መንኵስ፣ አልከለክልህም። ነጋሪት ሲጎሰም ግን ወይ አንተ ትመጣለህ፣ ወይ ዋስህ ጠመንጃህን ይሸከማል። ዋስ ጥራ!» አሉት።

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ሰውም ዞሮ አየኝ። «ዋሱ ነኝ፣ ጌታዬ» አልኩ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ወር ሳይሞላው ሰልችቶት ይመለሳል ብዬ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

ስምንት ዓመት ቆየ። ቡናማ ቀሚሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ሲንበረከክ እየዋለ ጠርዙ በተበላ ቁጥርም ያመጣልኝ ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ ተባለ። አራዳ ላይ ካቶሊክ የሆነ ሁሉ የጠላት ዘመድ ይመስል በጎሪጥ ይታይ ጀመር። የደጃዝማቹ መልእክተኛ ጠመንጃውን ከስፌት መኪናዬ ጎን አስደገፈና፣ «ከነገ ወዲያ ጉዞ ነው። ማን እንደሚይዘው እናንተው ተነጋገሩ» ብሎኝ ሄደ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች። ይህን የምለው ለሰበብ መሆኑን አውቃለሁ።

ጠመንጃውን አንግቼ፣ የምናገረውን እየተለማመድኩ ገዳሙ በር ደረስኩ። ወንድሜ ወጥቶ ሲያየኝ አላስጀመረኝም።

«ነጋሪቱን ሰምቼ ለገዳሙ አለቃ ነግሬአቸዋለሁ» አለኝ። «መነኩሴ ሰው አይገድልም አሉኝ። ሰውም በእኔ ፈንታ መሞት የለበትም አልኳቸው። እንግዲያስ ቀሚሱን አውልቀህ ሂድ አሉኝ።»

እኔ እሄዳለሁ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። አፌን ከፍቼ፣ «ይበርድሃል፣ ጋሼ» አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀሚሱን አውልቆ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ። ጠመንጃውን ከትከሻዬ ያወረደው እሱ ነው።

«ጠርዙ ተበልቷል፤ ስፋልኝ። ስመለስ እለብሰዋለሁ።»

ያንኑ ቀን ሰፋሁት። ከወራት በኋላ፣ ወንድሜ ጦር ሜዳ ሲወድቅ አጠገቡ የነበረ አንድ ወታደር ተመልሶ፣ ዶሮ ማነቂያ ቤቴ ድረስ መጥቶ አረዳኝ። የሚቀበር አስከሬን እንኳ አልመጣልንም።

ልጄ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ከገዳሙ አንድ መነኩሴ መጡ። አዲስ ገቢ ወንድም አለን፣ ቀሚሱን ብትሰጠን አሉኝ፣ በትሕትና። ቀሚሱ ከጀርባዬ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጠርዙ ከተሰፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

«ገና አልጨረስኩትም፣ አባቴ» አልኳቸው።