ደቻቱ ዝም ያለ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ድሬ ዳዋ ሰው ያለቀባት መሰለኝ። ከባቡር ወርጄ ሻንጣዬን ተሸክሜ ትምህርት ቤቱን ስፈልግ ከቀኑ ሰባት ተኩል ነበር። ሱቁ ሁሉ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከአንድ የተኛ ውሻ በቀር ነፍስ ያለው ነገር አላየሁም። እውነቱን ልናገርና ፈራሁ።

ዲሬክተሩ አቶ ግዛው ሽርጥ አገልድመው በሩን ከፈቱልኝና ሳቁብኝ። «ማንም አልሞተም፣ ተኝቶ ነው። እዚህ አገር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትሠራው ፀሐይ ብቻ ናት» አሉኝ።

ፍርሃቱ በሳምንት ውስጥ ወደ ፍቅር ተለወጠ። እኔ የጦርነት ልጅ ነኝ፤ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በልጅነቴ ከሰማይ ድምፅ ሲመጣ ጉድጓድ ውስጥ እንገባ ነበር። ያ የቀትር ጸጥታ ለእኔ ሰላም ማለት ነበር፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

የተመደብኩት ለስድስተኛ ክፍል አማርኛ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች። በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም አደርኛ ይናገራሉ፣ አማርኛውን ደግሞ እንደ ኳስ ይቀባበሉታል። አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም። «መምህር፣ አንተ ጠመኔ ረስተሃል» ሲሉኝ የመጀመሪያውን ወር በኩርፊያ አሳለፍኩ።

የግጥም ትምህርቴ ሥርዓት ነበረው። ረቂቅ በእርሳስ ይጻፋል፣ እኔ በቀይ ቀለም አርማለሁ፣ ንጹሑ ቅጂ በሰማያዊ ቀለም ይገለበጣል። በዚህ ሥርዓት እኮራ ነበር።

በሚያዝያ ወር አቶ ግዛው ቢሮ ጠሩኝ። «ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ልጆቹ ስለ ሰላም የጻፉትን ግጥም ያንብቡ።» በሐሳቡ ደስ አለኝ፤ የማውቀው ርዕስ ነው ብዬ።

ከሠላሳ ሁለቱ ረቂቅ አብዛኛው ርግብና ዘንባባ ነበር። ዘይነባ የምትባል ልጅ ግን ይህን ጻፈች፤ አባቷ አብዲ ከደቻቱ፣ ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ደረቅ ወንዝ፣ በአህያ አሸዋ እያመላለሰ ይሸጣል።

ሰላም ያለ ጊዜ አህያችን ይጮኻል፣
እናቴ ስትቆጣ አባቴ ይስቃል፤
አሸዋው ዝም ካለ ወፉም ከጠፋበት፣
ያ ሰላም አይደለም፣ የሚመጣ አለበት።

ስታነብ ክፍሉ ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። አንድም አልሳቀ። ልጆቹ ሁሉ በመስኮቱ ወደ ደቻቱ ያዩ ነበር። ጀርባዬን አንዳች ነገር በረደኝ፤ የበረደኝን ግን ወደ ቁጣ መለስኩት። «ሰላም ማለት ጸጥታ ነው። አህያ ግጥም ውስጥ ምን ይሠራል?» ብዬ በደብተሯ ላይ በቀይ ጻፍኩ። ሦስት ከአሥር ሰጠኋት።

ዘይነባ ቁጥሩን አይታ «መምህር፣ አንተ እኮ ገና እንግዳ ነህ» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወደ ደቻቱ ሄድኩ። የቀትሩን ጸጥታ ሰምተው ግጥሙን ደግመው እንዲጽፉ ነበር ሐሳቤ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከሐረር ወገን ካለው ተራራ ላይ ብቻ ትንሽ ደመና ተቀምጧል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ወረዱ። ዘይነባ ደብተሯን ለጓደኛዋ ሰጥታ ከዳርቻው ቆመች። «ውረጂ» አልኳት። «አልወርድም» አለች። በአስተማሪነት ዘመኔ እንዲህ ፊት ለፊት እምቢ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።

አሸዋው መሐል አስቀመጥኳቸው። «ስሙት» አልኩ። ሰሙት። ወፎቹ የሉም። ትንኝ እንኳ የለም። የሠላሳ አንድ ልጅ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ከእኛ ራቅ ብለው አሸዋ ሲጫኑ የነበሩት የአብዲ አህዮች ማንም ሳይነዳቸው፣ ግማሽ ጭነታቸውን እንደያዙ፣ አንድ በአንድ ወደ ዳርቻው ይወጡ ነበር። ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን ነካኝ፤ የረጠበ አፈር ይሸታል። ዝናብ የለም፣ ግን የረጠበ አፈር ይሸታል።

ልጆቹ ትእዛዝ አልጠበቁም፤ ደብተራቸውን ጥለው ሮጡ። እኔ ሞኙ የመንግሥት ንብረት ነው ብዬ ደብተር መልቀም ጀመርኩ። «መምህር፣ ተወው አቦ! ውጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ቀና ስል፣ ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ቡናማ ነገር እየተንከባለለ ይመጣል። በእጄ ያለውን ጥዬ ወጣሁ። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

ዳር ላይ ሆኜ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ። ከእግሬ ሥር ጎርፉ ግንድ ተሸክሞ ያልፋል። የክፍሌ ልጆች ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ አንድ ጎደለብኝ። የማንን እናት ምን ብዬ እንደማናግር አስብ ነበር።

ከኋላዬ የለበስኩትን ኮት የያዘ እጅ እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። «እኔን እኮ አልቆጠርከኝም» አለች ዘይነባ።

አቶ ግዛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ልጆቹን ጠይቀህ ነበር?»

«አልጠየቅሁም፣ ጌታዬ።»

«እሷ ግን ነግራህ ነበር።»

«ነግራኝ ነበር» ብዬ ፈረምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አብዲ ትምህርት ቤት መጣ። ከወንዙ ታች ከአሸዋው ውስጥ ቆፍሮ ያወጣው አንድ ደብተር ይዟል። «መምህር፣ የልጄ ነው፤ ያንተም ጽሕፈት ነበረበት መሰለኝ» አለኝ። ጭቃ ሆኖ የደረቀውን ገጽ በቢላዋ ጫፍ ለየሁት። በእርሳስ የተጻፈው ግጥም አንድ ፊደል ሳይጎድል አለ። የእኔ ቀይ ቀለም ግን ታጥቦ ሄዷል፤ «ጸጥታ ነው» ያልኩበት ቦታ ላይ የደበዘዘ እድፍ ብቻ ቀርቷል። ሦስት ከአሥሩም የለም።

ከዚያ ለአብዲ ስለ ሰጠኋት ውጤትም ስለ ወንዙም ሁሉንም ነገርኩት። አዳመጠኝና «እኔም መጀመሪያ ስመጣ ዝምታውን ወድጄው ነበር። ወንዙ ወንድሜን ወሰደብኝ» አለኝ።

እንግዶቹ በመጡ ቀን ዘይነባ ግጥሟን አህያውን ሳትቀንስ አነበበች። ስትጨርስ አዳራሹ ዝም አለ። ያን ዝምታ አልወደድኩትም፤ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። የተማሪ ግጥም የማርመው በእርሳስ ነው። ርዕስ ከመስጠቴ በፊትም ልጆቹ ስለ ነገሩ የሚያውቁትን እጠይቃለሁ።