ፕላዝማውን ያጠፋሁ ዕለት

ከቦንጋ አለፍ ብላ ያለችው ትንሽ ከተማ፣ ዋጫ የገባሁት ሰኞ ቀን፣ በዝናብ ነው። ሚኒባሱ ጭቃው ላይ አራግፎን ሄደ፤ እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ደረስኩ። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ወልዴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «የእንግሊዝኛ አስተማሪ ላኩልን ብንል ተማሪ ላኩልን እንዴ?» አሉ። ጠመኔ፣ ዳስተርና አንድ መጽሐፍ ሰጥተው ዘጠነኛ ክፍል አስገቡኝ።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የግሥ እርባታ ነበር፤ መደበኛዎቹ፣ መጨረሻቸው ላይ «ኢዲ» ጨምረን ወደ ኃላፊ ጊዜ የምንወስዳቸው። ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። እኔ ስጠራ እነሱ ሲቀበሉ ክፍሉ ያስተጋባል፤ ይኸው አስተማሪ ሆንኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከፊት የተቀመጠውን ልጅ በእንግሊዝኛ «ትናንት ምን ሠራህ?» አልኩት። ተነሣ፣ ደረቱን ነፋ፣ «አይ ዎርክ፣ አይ ዎርክድ፣ አይ ሃቭ ዎርክድ፣ አይ ዊል ዎርክ» ብሎ ተቀመጠ።

ለጋሽ ወልዴ ብነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ምን አጠፋ ልጁ? እንደ ገበያ ዘርግቶልሻል፤ የፈለግሽውን አንሺ!»

ከዚያ ወዲያ ዘዴ ቀየርኩ። በግድግዳው በኩል ያለውን ረድፍ «ትናንት»፣ መሃለኛውን «ዘወትር»፣ የመስኮቱን «ነገ» አልኳቸው። አንድ ግሥ እወረውራለሁ፤ እያንዳንዱ ረድፍ በራሱ ጊዜ አርብቶ ከቤቱ እውነተኛ ነገር ይናገራል። ውሸት አይፈቀድም። «ኩክ!» ስል ከትናንት ረድፍ አንዷ ጎመን አበሰልኩ ትላለች፤ ከነገ ረድፍ አንድ ጎረምሳ «ነገ እኔ አበስላለሁ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወይ ጉድ፣ ያ ሳቅ! በየሳምንቱ ረድፍ ይቀያየራሉ፤ ትናንት ላይ ተቸክሎ የሚቀር አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ፕላዝማ መጣ። ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የሚቆለፍ ቴሌቪዥን ነው፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፋል። በውስጡ ያለችው አስተማሪ እንግሊዝኛዋን ታወርደዋለች፤ ጠይቃ ትንሽ ዝም ትልና፣ ከክፍሉ ማንም ትንፍሽ ሳይል «ዌል ደን!» ትላለች። ምኑ ነው ዌል ደን? የኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆነ። ማጥፋቱም ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ያጠፋ አስተማሪ ይጠየቃል ተባልን።

ደግነቱ መብራት ይጠፋ ነበር። ሲጠፋ ልጆቹ እልል ይላሉ፣ እኔ ጠመኔዬን አነሣለሁ፣ ሦስቱ ረድፎች ይነቃሉ።

በዚያን ጊዜ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ቦንጋ መዛወር። ባሌ ተስፋዬ ቦንጋ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ትንሿን ልጃችንን የምታሳድጋት እናቱ ናት። እኔ የማያት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አያቷን «እማዬ»፣ እኔን «ቲቸር» ማለት ጀመረች። ሰዉ ይስቃል፤ እኔ ግን ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አለቅሳለሁ።

ዝውውር የሚወሰነው በሥራ አፈጻጸም ውጤት ነበርና ሱፐርቫይዘር ክፍሌን ሊያይ መጣ። ጋሽ ወልዴ ቀደም ብለው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ፕላዝማውን አብሪና ጥግሽን ይዘሽ ቁሚ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ጥጌን ይዤ ቆምኩ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። ትምህርቱ ሳይጋመስ መብራት ጠፋ። ልጆቹ ሁሉ አዩኝ፤ ምን ላድርግ? ጠመኔዬን አንሥቼ «ካሪ!» አልኩ፤ መሸከም ማለት ነው።

ከትናንት ረድፍ አልማዝ ተነሣች። ሳምንት ሙሉ ቀርታ የመጣች ልጅ ናት። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ስታወራ አፏ የማይገታ፣ በእንግሊዝኛ ግን ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ። «ላስት ዊክ ዊ ካሪድ ማይ ማዘር» አለች። ባለፈው ሳምንት እናቴን ተሸከምናት። ከገጠር ቀበሌያቸው እስከ ዋጫ ጤና ጣቢያ፣ በቃሬዛ መሆኑ ሁላችንም ገባን። «ዊ ዎክድ። ዊ ሬስትድ። ዊ ዎክድ።» ሄድን፣ አረፍን፣ ደግሞ ሄድን። እርባታዋ አንድ ስሕተት አልነበረበትም፤ ግን ማን ስለ እርባታ አሰበ!

ድንገት መብራት መጣ። ስክሪኑ በርቶ ሴትዮዋ ስለ ሌላ ነገር መለፍለፍ ጀመረች። አልማዝ አንገቷን ደፍታ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ሱፐርቫይዘሩ በእስክሪብቶው ወደ ስክሪኑ ጠቆመኝ፤ በዚያ ይቀጥል ማለቱ ነው። አልዋሽም፣ ልጄ ዐይኔ ላይ መጣች። ቢሆንም ሄጄ ፕላዝማውን አጠፋሁት።

«አልማዝ፣ ጨርሺ» አልኳት።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሩ «መምህርት፣ መመሪያውን አያውቁትም?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጅቷ እየተናገረች ነበር።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ መመሪያ ይዞ የመጣ ሰው ነው። የዝውውሩ ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ የለም።

ያን ቅዳሜ ቦንጋ ገብቼ ለተስፋዬ ነገርኩት። ጦፈ! «ለሰው ልጅ ብለሽ? የኛይቱስ?» መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ፊቱን እንዳዞረ «ለመሆኑ ልጅቷ ምን ስትል ነው ያጠፋሽው?» አለ። ነገርኩት፤ ተሸከምናት፣ ሄድን፣ አረፍን፣ ሄድን። ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«እናትየዋስ?»

«‹ሺ ኦፕንድ ኸር አይስ› አለች። ዐይኗን ገለጠች።»

«ተመስገን» አለ ተስፋዬ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዝውውሩ አንሥቶብኝ አያውቅም።

ቦንጋ የተዛወርኩት ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ያመለጠኝን ልጅነቷን ማንም አይመልስልኝም፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ይቆጨኛል። ቢሆንም ያ ቀን ቢመለስ አሁንም አጠፋዋለሁ። ተማሪ መናገር ከጀመረ አይቋረጥም።