ማለዳ የተሠራው ስሌት
ቡታጅራ ውስጥ አነስ ያለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምተይበው በአብዛኛው ማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ስለ አውሮፕላን አንድ መስመር እንኳ ተይቤ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው በጋ አንድ ጡረታ የወጡ አብራሪ እስኪመጡ ድረስ።

"አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ። የእንሴኖ ሰው ናቸው። አባታቸው በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት በትናንሽ አውሮፕላኖች ሰውና መድኃኒት ሲያመላልሱ ነው። አዲስ አበባ ለአብራሪነት ተማሪዎች ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘው፣ በእጃቸው የጻፉትን አምስት ገጽ ሊያስተይቡ ነበር የመጡት።

"እጅ ጽሑፌ አይነበብም፤ አጠገብሽ ልቀመጥ?" አሉ። ወንበር ሳብኩላቸው።

የጻፉት የራሳቸውን ታሪክ ነው። በወጣትነታቸው፣ ገጠር ካለ የአፈር መንደርደሪያ ማለዳ ለመነሳት ስሌታቸውን ሠርተው ጨርሰዋል። ይዘውት የሚሄዱትን በሽተኛ ግን የአገሬው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሲያደርሱት እኩለ ቀን ሆነ። አሳፍረውት ተንደረደሩ። አውሮፕላኑ አልነሳ አለ። መንደርደሪያውን ጨርሶ፣ ጫፍ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ በጎማው እየጠረገ ነው ከመሬት የለቀቀው።

እጄ ቆመ። "ምን ሆኖ ነው ጋሼ? ክብደቱ ያው የተሰላው፣ ሜዳውም ያው።"

"አየሩ ነዋ ያው ያልሆነው። ሲሞቅ ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል፣ ሞተሩም ይደክማል።"

ከቦርሳቸው ጠርዙ ያለቀ ሠንጠረዥ አወጡ። በአንድ በኩል የአየሩ ሙቀት፣ በሌላው በኩል ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት ተደርድሯል። "ሙቀቱ በሁለት መስመሮች መሃል ቢወድቅብሽ የትኛውን ትወስጃለሽ?"

"የሚቀርበውን።"

"ተማሪዎቹም እንደዚያ ነው የሚሉት። የሚብሰውን፣ የሞቃቱን መስመር ነው መውሰድ።"

የማለዳውንና የእኩለ ቀኑን ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ልዩነቱ ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበር። ይህንኑ ብነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። "ነይ።"

ሱቄን ቆልፌ ተከተልኳቸው። በአስፋልቱ ዳር እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሄዱ። ባጃጅ ጡሩምባ ነፋብን፤ ገለባ የጫነ ጋሪ አሳለፍን። መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙና ወደ ኋላ ዞሩ።

"እኩለ ቀኑ ከስሌቱ በላይ የወሰደብኝ ይሄን ያህል ነው።"

ዞሬ አየሁ። የሱቄ ማስታወቂያ ይታየኛል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም።

ተመልሰን መተየቤን ቀጠልኩ። አራተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። "ሙቀቱ በድጋሚ አልታየም። ስሌቱ አልተስተካከለም" ይላል።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ያላስተካከለው ማነው? ረዳት ነበረዎት?"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ብቻዬን ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን እንደገና አላሰሉትም?"

"አስልቼ ነበራ! ወረቀቱ ላይ የራሴን እጅ ጽሑፍ ሳይ አመንኩት። የሰውዬውን ሁኔታ አይቼ ቸኩያለሁ፤ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ፣ ሙቀቱን ግን አላየሁም።" መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ "ያኔ ለአለቆቼም 'አልተስተካከለም' ብዬ ነው የጻፍኩት" አሉ። "በይ፣ አላስተካከልኩም በይው።"

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አረምነው። "ተሳስቶ ተነበበ" የሚለው "ተሳስቼ አነበብኩ" ሆነ። እያንዳንዱን እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን "እሷስ ትቅር" ብለው ተከራከሩኝ። መልሼ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው፣ "እሺ፣ ለውጫት" አሉ።

ከንግግሩ በኋላ ደወሉልኝ። ተማሪዎቹ በጥያቄ እንዳጣደፏቸው፣ አንዷ ተማሪ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን እንደጠየቀቻቸው ነገሩኝ፤ በሽተኛው ሲነሱ የሆነውን ያውቅ ነበር ወይ ብላ።

"ያውቅ ነበር?" አልኳቸው።

"ከየት አውቆ! ሲሻለው ሆስፒታል ልጠይቀው ብሄድ፣ ሕይወቴን አተረፍክልኝ ብሎ እጄን ሳመኝ፤ ዱዓም አደረገልኝ።"

"እርስዎስ ምን አሉት?"

"ምን እላለሁ?" አሉ። "አሚን አልኩ።"