ጋሽ ድርግም ያላጠፋው ክፍል

የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ያዥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ተማሪው ሁሉ ከኋላው «ጋሽ ድርግም» ነው የሚለው። ፊት ለፊቱ ግን ማንም እንዲህ ሊለው አይደፍርም፤ ቅጽል ስሙን እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ደወል ተደውሎ ግቢው ጭር ሲል፣ ክፍል ለክፍል እየዞረ ያልጠፋ አምፖል ሲያድን ኖሯል። ሚስቱማ እጁ ቢደርስ ፀሐይንም አይምራት ትላለች።

የኬሚስትሪ መምህርቷ ሠላሳዎቹን የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ስታውላቸው፣ ለሁሉም ነግራ እሱን ረሳችው። ነገሩ አንድ ትልቅ ስሌት ነው፤ ተቆራርሶ በየአገሩ ሥራ ለፈቱ ኮምፒውተሮች ይታደላል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ የኬሚካል ውህድ የወባውን ተውሳክ ይዞ ሊያዳክም ይችል እንደሆነ ለመሞከር ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ጋሽ ድርግም ደግሞ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሶኬቱን ይነቅላል። በማግስቱ ሁሉም ከሀ ይጀምራሉ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

በሦስተኛው ሳምንት የፍለጋው አስተባባሪዎች፣ እስከ ሰኞ አንድ ውጤት እንኳ ካልላካችሁ ድርሻችሁን ለሌላ እንሰጣለን ብለው ጻፉ። መምህርቷ ምክንያቱን ስታስስ፣ ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ድርግምን ሶኬቱን ሊነቅል ጎንበስ እንዳለ አገኘችው። ጥፋቱ የእሷም ነበርና አልተቆጣችም፤ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው።

በእሱ ጆሮ የገባችው «ወባ» የምትለዋ ብቻ ናት። ሚስቱን በየክረምቱ አንዘፍዝፎ አልጋ ላይ የሚጥላት ይኸው በሽታ ነው። ዘንድሮ የለመደችው ክኒን አልሠራ ብሏት ሁለቴ አገርሽቶባታል። ይህን ሁሉ ቀን ምን ሲነቅል እንደከረመ ሲገባው «ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!» አለ።

መምህርቷ ልታጽናናው፣ ስሌቱ ሳይቋረጥ ስክሪኑን ብቻ ማጥፋት እንደሚቻል ነገረችው። ተመስገን ብሎ ሠላሳውንም ስክሪን አንድ በአንድ አጠፋ።

ቅዳሜና እሁድ ግን እረፍት አላገኘም። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በመስኮት አየ፤ የኮምፒውተሮቹ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች እንደበሩ ናቸው። እጁን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ። ሚስቱ ምን እንደነካው ጠይቃ ጉዳዩን ስትሰማ ከልቧ ሳቀች።

«ለእኔ ብለህ ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ለማን ይሆናል ታዲያ?»

ሰኞ ሠላሳ ውጤት ተላከ። አንዱም ውህድ ተውሳኩን አልያዘም። ጋሽ ድርግም ልፋታችን ገደል ገባ ብሎ ሲያዝን፣ መምህርቷ «የለም ጋሼ፤ በእነዚህ ሠላሳ ውህዶች ከእንግዲህ ማንም አይደክምም። ሌሎች ሠላሳ ተልከውልናል» አለችው።

በማግስቱ ተማሪዎች ከሶኬቱ በላይ አንድ ካርቶን ተለጥፎ አገኙ። «ይህን የሚነቅል ከእኔ ጋር ነው ጠቡ» ይላል። ከሥሩም በገዛ እጁ «ድርግም» ብሎ ፈርሞበታል።