አባቴ በጩኸት የመረጠው ሰፈር

ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ ሳለ ከደብረ ብርሃን ወደ ከተማው ገባን። አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ኮርቻ ሰፊ ነበር። እናቴ፣ "ልጄ እጇን ዘርግታ ለሮማ ስትዘምር ማየት አልፈልግም" ብላ የጣሊያኑን ትምህርት ቤት ስለከለከለችኝ፣ አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። የመምህር ጉብዝና የሚለካው በልጆቹ ጩኸት ይመስለው ነበር። ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ሲሰማ፣ አጥሩ ሥር ያለውን ቤት በደስታ ተከራየ።

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ እንቅልፍ የለም።

"ምነው ዝም ብለው የሚማሩበት ሰፈር በመረጥክ!" ትላለች እናቴ። እሱ ግን ቆዳውን እየሰፋ ከልጆቹ ጋር ማነብነብ ጀመረ።

አንድ ቀን የኔታ "ጸ፣ ጹ፣ ጺ፣ ጻ... ቀጥሎስ?" ብለው ጠየቁኝ። ጠፋብኝ። ከአጥሩ ማዶ "ጼ!" የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

የኔታ ወደ አጥሩ ዞረው፣ "ጌታዬ፣ ከውጭ ከሚያግዙን ገብተው ቢማሩስ?" አሉ።

አባቴ በማግስቱ መጥቶ ከሕፃናቱ መካከል እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። ዳዊት የደገመው ከእኔ ቀድሞ ነው። እናቴም ስሰንፍ ወደ እሱ እየጠቆመች፣ "እስቲ ጓደኛሽን እዪ!" ትለኝ ነበር።